የፊልም ተዋናይት በአዲስ አበባ እምብርት፤ ሙያውና የአደባባይ ውዝግቡ

ከፒያሳ ተነሥቶ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ወደ ለገሃር የሚወርድ እግረኛ ብዙ ሳይደክም የኢትዮጵያን የትወና ታሪክ አቋርጦ ያልፋል። ላይ ሀገር ፍቅር ቴአትር አለ። በዚያው አካባቢ ሲኒማ ኢትዮጵያና ሲኒማ አምፒር፣ የማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽም ይገኛሉ። ቴዎድሮስ አደባባይ ዘንድ ደግሞ የከተማው ሰው ተንቀሳቃሽ ሥዕል አይቶ በድንጋጤ «የሰይጣን ቤት» ያለው የጥንቱ ሲኒማ የነበረበት ቦታ አለ። ታች የሞሪስ ካልካ የድንጋይ አንበሳ የሚጠብቀው ብሔራዊ ቴአትር ቆሟል፤ ሲኒማ አምባሳደርም ከዚያ ሩቅ አይደለም።

በዚህ መንገድ ላይ ሴት ተዋናይ ሁለት ዓይነት ኑሮ ኖራለች። በቴአትር ቤት ተቀጣሪ ናት፤ ደመወዝ፣ ጡረታና አለቃ አላት፤ ስሟ ሲነሣ የቤቱም ስም አብሮ ይነሣል። በፊልም ግን ለአንድ ሥራ ትጠራለች፣ ቀረጻው ሲያበቃ ትሰናበታለች፣ ፖስተሩ ላይ የቀረው ፊቷ ብቻዋን ይጠየቅበታል። ስለ ተዋናዮች የሚነሣው የአደባባይ ሙግት ምንጩ ሲፈተሽ በብዛት እዚህ ላይ ይገኛል። ቴአትር ቤቱ ይሰጣት የነበረውን ከለላ በፊልም ዘመን የተካ አካል የለም።

የመድረክ ሴቶች

ዘመናዊ ቴአትር በአዲስ አበባ ሲጀመር ተዋናዮቹ ወንዶች፣ በተለይም ተማሪዎች ነበሩ። ታሪኩ ሴት ካስፈለገው ቀሚስ የሚያጠልቀውና ሻሽ የሚያስረው ጢሙን የተላጨ ጎረምሳ ነው። መኮንን ሀብተ ወልድ በ1927 ዓ.ም. የመሠረቱት የሀገር ፍቅር ማኅበር የጣሊያን ወረራ እያንዣበበ ሳለ ሕዝቡን በንግግር፣ በዜማና በትዕይንት ለመቀስቀስ የታሰበ ነበር፤ ሴትን ወደ መድረክ ማምጣት የዚያን ጊዜ አጀንዳ አልነበረም።

በ1940ዎቹ አጋማሽ ከማዘጋጃ ቤት የቴአትር ቡድን ጋር መድረክ ላይ የወጣችው አስናቀች ወርቁ በዘመናዊው ቴአትር የመጀመሪያዋ ሴት ተዋናይ ተብላ ትጠቀሳለች። ክራር ደርዳሪና ድምፃዊትም ነበረች፤ «ኢትዮጲክስ» የተባለው የሙዚቃ ስብስብ 16ኛ ቁጥሩን ለእርሷ ሰጥቷል። ያ ዘመን ግን መድረክ ላይ ለቆመች ሴት ርኅሩኅ አልነበረም። «አዝማሪ» መባል ስድብ ነበር፤ በሕዝብ ፊት የምትዘፍንና የምትስቅ ሴት ከመጠጥ ቤት አስተናጋጅ ተለይታ አትታይም፤ ጨዋ ቤተሰብ ልጁ ወደዚያ ስትሄድ ያፍር ነበር። አስናቀች ይህን ሁሉ ሰምታ እንዳልሰማች አለፈች። በመስከረም 2004 ዓ.ም. ካረፈች በኋላ ሬቸል ሳሙኤል «አስኒ» በሚል ርዕስ ዘጋቢ ፊልም ሠርታላታለች። የሚገርመው፣ ዛሬ በአድናቆት የምንዘረዝረው የአስናቀች ድፍረት በዘመኑ ለሐሜት የተመረጠው ያው ጠባይ ነው።

በጣሊያን ዘመን ሲኒማ እንዲሆን የተጀመረው ሕንፃ ተጠናቅቆ በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተብሎ ተመረቀ፤ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ነው። በምረቃው የታየው የራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነበር። ታሪኩን ለሚያውቅ ነገሩ ምጸት አለው፤ የትልቁ ቴአትር ቤት መጋረጃ የተገለጠው ንጉሥ ከሰገነት ሆኖ ባያት ሴት ምክንያት በመጣ ጣጣ ላይ ነው። ያም ሆነ ይህ ቴአትር ቤቱ ሴቶችን በቋሚነት ቀጠረ። ተዋናይዋ ጠዋት ለልምምድ ትገባለች፣ ከሰዓት በኋላ ትሠራለች፣ ወር ሲሞላ ደመወዟን ትቀበላለች። «የቤቱ ልጅ» ተባለች። አለቃ ያለው ሰው ሐሜት አይቀርለትም፤ ቢሆንም ሐሜቱን የሚመክት ተቋም ከኋላው ይኖራል።

ፊልሙ ሲመጣ

የመጀመሪያው ረጅም የኢትዮጵያ ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው?» በ1957 ዓ.ም. ለሕዝብ ቀረበ። አዘጋጁ ላምብሮስ ጆካሪስ የተባለ ግሪካዊ ነው፤ ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው። የሀገራችን ሲኒማ አፉን የፈታው በሴት ስምና በአባት ጥያቄ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል፤ ከዚያ በኋላ የመጡ ስንትና ስንት ፊልሞች ያንኑ ጥያቄ ልብሱን ቀይረው ጠይቀውታል። በ1966 ዓ.ም. የሚሼል ፓፓታኪስ «ጉማ» በቀለም መጣ። በ1980ዎቹ ደግሞ የሰለሞን በቀለ ወያ «አስቴር» ተከተለ። በእነዚህ ዓመታት ፊልም በጣም ውድ ነገር ነበር፤ ጥሬ ዕቃው ከውጭ ይገዛል፣ የተቀረጸው ለእጥበት ወደ ውጭ ይላካል። ስለዚህ «የፊልም ተዋናይት» የሚባል መተዳደሪያ አልነበረም። የቴአትር ተዋናይት ዕድል ሲገጥማት ፊልም ሠርታ ወደ መድረኳ ትመለስ ነበር።

መተዳደሪያው የተፈጠረው በ1990ዎቹ አጋማሽ ዲጂታል ካሜራ ሲገባ ነው። «ጉዲፈቻ»፣ ሄለን ታደሰ ያዘጋጀችው «የበረዶ ዘመን» እና የቴዎድሮስ ተሾመ «ቀዝቃዛ ወላፈን» በተቀራራቢ ጊዜ ታይተው ሕዝቡን ወደ ሲኒማ ቤት ጎተቱት። ለአሜሪካና ለሕንድ ፊልም ብቻ ይከፈቱ የነበሩት የፒያሳ አዳራሾች በአማርኛ ፊልም ተሞሉ፤ ቅዳሜና እሑድ የትኬት ሰልፉ የእግረኛ መንገዱን ይዘጋ ነበር። ባለሀብት መኪና ሸጦ ፊልም ማሠራት ጀመረ። ፊልሙ በብዛት የፍቅር ነው፤ ፍቅሩም ቆንጆ ልጅ ይፈልጋል። ሞዴልነትና የቁንጅና ውድድር ከትወና ትምህርት ቤት ይልቅ አጭር መንገድ ሆኑ፤ ይህም ዛሬ ድረስ ያልበረደ ቅሬታ አስነሣ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮ በቴአትር ጥበባት ተማሪ ሲያስተምር ቆይቷል። ከዚያ ተመርቃ የወጣች ሴት መልከ መልካም ሆና በአንድ ማስታወቂያ የታወቀች ልጅ መሪ ሚናውን ስትወስድባት «ለምን ተማርኩ?» ብትል አይፈረድባትም። በሌላ በኩል ካሜራ ፊት ተፈጥሯዊ መሆን በዲፕሎማ የማይገኝበት ጊዜ አለ፤ ከመድረክ የመጡ አንዳንድ ጎበዞች በፊልም ላይ ድምፃቸው እስከ ኋላ ወንበር እንዲሰማ የሚጮኹ ይመስላሉ።

ሥራው ከቅርብ ሲታይ

የአማርኛ ፊልም ቀረጻ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ይጠናቀቃል፤ ኪራይ የሚከፈልበት ካሜራና መብራት ውሎ ማደር አይችልም። ተዋናይዋ ስትፈርም ቅድሚያ ክፍያ ትቀበላለች፣ ቀሪው ቀረጻው ሲያልቅ ይሰጣታል፤ ቢያንስ ውሉ እንደዚያ ይላል። የውሉ ወረቀት ብዙ ጊዜ አጭር ነው። ስንት ቀን እንደምትሠራ፣ ስንት ብር እንደሚከፈላት፣ ለምረቃውም እንደምትገኝ ይጽፋል። ፊልሙ በቴሌቪዥን ወይም በዩቲዩብ ሲሸጥ ድርሻ ይኖራት እንደሆነ፣ ፎቶዋ ከፊልሙ ውጭ ለሌላ ማስታወቂያ ይውል እንደሆነ፣ ያላነበበችው ትዕይንት ቢጨመር ምን እንደምትል ግን ብዙውን ጊዜ ዝም ይላል።

ልብሱን ከቤቷ ይዛ የምትመጣው እርሷው ናት፤ አነስተኛ በጀት ባለው ፊልም አልባሳት የሚያዘጋጅ ባለሙያ ቅንጦት ነው። አንድ ትዕይንት ሰኞ ተጀምሮ ዓርብ ከቀጠለ ያው ቀሚስ፣ ያው የጆሮ ጉትቻ፣ ያው የጥፍር ቀለም መገኘት አለበት። ስለዚህ በመኪናዋ የኋላ ወንበር ላይ፣ ወይም መኪና ከሌላት በትከሻዋ፣ በየፌስታሉ የተለዩ ልብሶች ይጓዛሉ። አንዱ ፌስታል ላይ በእስክሪብቶ «ሐዘን ቤት» ተብሎ ተጽፏል፤ ሌላው ላይ «ካፌ፣ የተጣሉ ዕለት»። በመካከል አንዱ ጫማ ከጠፋ ዳይሬክተሩ ካሜራውን ከወገቧ በላይ ያደርገዋል። በፊልም አዳራሽ ውስጥ ስታለቅስ ፊቷ ብቻ ግዙፍ ሆኖ የሚታየን ሁልጊዜ ለጥበብ ሲባል ላይሆን ይችላል።

ወኪል የሚባል ሙያ እምብዛም አልተለመደም። ዋጋ የምትደራደረው፣ ቀጠሮ የምትይዘው፣ ጋዜጠኛ ሲደውል የምትመልሰው ራሷ ናት። ስልኳ በፕሮዲዩሰሩ፣ በፎቶ አንሺው፣ በፀጉር ሠሪዋና በማታውቃቸው አድናቂዎች እጅ ይገባል። የፖስተር ላይ የስም ቅደም ተከተል እንኳ ያጣላል፤ ማን ከላይ ይጻፍ፣ የማን ፊት ይግነን የሚለው ጉዳይ ጓደኛሞችን አኳርፏል። ፖስተሩ ለነገሩ ቀልድ አይደለም፤ ፕሮዲዩሰሩ የሚቀጥለውን ዋጋዋን የሚያነበው ከዚያ ነው።

ገጸ ባሕርይዋና እርሷ

ተመልካቹ ገጸ ባሕርይዋን ከተዋናይዋ ለይቶ ማየት ይከብደዋል። ባል የነጠቀች ሴት ሆና የሠራች ልጅ ታክሲ ውስጥ ትገሠጻለች። አማቷን የበደለች ሆና ከሠራች ደግሞ ገበያ ላይ እናቶች ዞር ብለው ያዩዋታል። ቴሌቪዥን ይህን አብዝቶታል። ፊልም ከፍለው የሚገቡበት ነው፤ ተከታታይ ድራማ ግን እራት ላይ ቤት ድረስ ይመጣል። «ገመና»፣ «ሰው ለሰው» እና «ዳና» በሚታዩባቸው ዓመታት የገጸ ባሕርያቱ ስም የተዋናዮቹን ስም ውጦ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ አድልዎ መጠቀስ አለበት። «ሰው ለሰው» ላይ አስናቀ ሆኖ የሠራው አበበ ባልቻ ክፉ ሰው ሆኖ ሀገር አስደንግጧል፤ ሕዝቡ የሰጠው ምላሽ ግን በዋነኛነት አድናቆት ነበር፤ «እንዴት ያለ ችሎታ ነው!» ተባለ። ሴት ክፉ ሆና ስትሠራ የሚመጣው አስተያየት ሌላ ነው፤ «ድሮም ፊቷ ላይ አለ» ይባላል። ለወንዱ ሙያ የሆነው ለሴቷ ጠባይ ይሆናል። የመሳሳም ትዕይንትም በዚሁ ሚዛን ይመዘናል፤ ተጠያቂዋ ሴቷ ናት፤ የጻፈው፣ ያዘጋጀውና አብሯት የተሳመው ግን የሉም። ብዙ የአማርኛ ፊልም ፍቅረኞች እቅፍ ላይ ደርሰው ካሜራው ወደ መስኮት የሚዞረው ለዚህ ይመስላል።

ቃለ መጠይቁም ይህን ያባብሳል። ወንድ ተዋናይ ስለ ሚናው ዝግጅት ይጠየቃል። ሴቷ ከሁለተኛው ጥያቄ ጀምሮ «መቼ ነው የምታገቢው?» ትባላለች። ካገባች የልጅ ጥያቄ ይቀጥላል፤ ከተፋታች ደግሞ ጥያቄው አያልቅም። ከዚያ አንዱ መልስ ተቆርጦ በደማቅ ርዕስ ይሠራጫል፤ ጠዋት ስትነሣ ያላለችውን ስታስተባብል ትውላለች። አንዳንድ አንጋፎች የግል ሕይወት ጥያቄ እንዳይቀርብ አስቀድመው ይስማማሉ፤ ጀማሪዋ ግን መታየት ስለምትፈልግ ይህን የመጠየቅ አቅም የላትም።

ማስታወቂያ ሌላው የውዝግብ በር ነው። በፊልም ገቢ ብቻ መኖር ስለማይቻል የታወቀች ተዋናይት የቤት፣ የሳሙና፣ የዘይት ማስታወቂያ ትሠራለች። ያስተዋወቀችው ድርጅት ቃሉን ሲያጥፍ ገንዘቡን ያጣ ሰው መጀመሪያ የሚያስታውሰው የድርጅቱን ሥራ አስኪያጅ አይደለም፤ የእርሷን ፈገግታ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲያስወጣ ደግሞ ድራማዎችና የመዝናኛ ዝግጅቶች ትልቅ የስፖንሰር ምንጭ ደረቀባቸው፤ ቢራ ጠማቂዎች ዋና ደጋፊዎች ነበሩና።

«ድፍረት» በብሔራዊ ቴአትር

በከተማዋ እምብርት ከተነሡት የፊልም ውዝግቦች ሁሉ እንደ «ድፍረት» ድንገተኛ የሆነ የለም። ዘረሰናይ መሐሪ ያዘጋጀው፣ አንጀሊና ጆሊ በሥራ አስፈጻሚ ፕሮዲዩሰርነት ስሟን ያኖረችበት ይህ የአማርኛ ፊልም በ2014 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሰንዳንስና በበርሊን ፌስቲቫሎች የተመልካች ሽልማት አግኝቶ ነበር። ታሪኩ ለጋብቻ ተጠልፋ ጠላፊዋን የገደለች ልጅንና የተከራከሩላትን የሕግ ባለሙያ ይመለከታል። ሜሮን ጌትነት የሠራችው በሕይወት ያሉትን፣ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ከመሠረቱት አንዷ የሆኑትን መዓዛ አሸናፊን ሆና ነው፤ እኚሁ ሴት ከ2011 እስከ 2015 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ነበሩ። ልጅቱን ሆና የሠራችው ትዝታ ሐገሬ ናት።

በነሐሴ 2006 ዓ.ም. መጨረሻ ፊልሙ በብሔራዊ ቴአትር ሊመረቅ እንግዶች ቦታቸውን ከያዙ በኋላ የፍርድ ቤት ዕግድ ደረሰ። ዘረሰናይ መድረክ ላይ ወጥቶ ለታዳሚው አስታወቀ፤ ፊልሙ በዚያ ምሽት አልታየም። ታሪኩ የእኔ ነው የምትል ሴት ያለ ፈቃዴ ተሠርቷል ብላ አቤት ብላ ነበር። ዕግዱ በኋላ ተነሥቶ ፊልሙ ለሕዝብ የታየ ሲሆን ኢትዮጵያም ለኦስካር የውጭ ቋንቋ ፊልም ዘርፍ ልካዋለች።

ክርክሩ በተዋናዮቹ ላይ የተነሣ አልነበረም። ነገር ግን ጉዳዩ ለሙያው ሁሉ የሚያስተምረው ነገር አለ። ሁልጊዜ የምናውቀው ሕዝቡ ገጸ ባሕርይዋን ከተዋናይዋ ማምታታቱን ነው፤ እዚህ ግን ከፊልሙ ውጭ ያለች እውነተኛ ሴት «ያቺ እኔ ነኝ» ብላ መጣች። በእኔ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች የሚደመጥ ነገር ነበራቸው። የጠለፋን ግፍ ለዓለም ማሳየት ትልቅ ሥራ ነው፤ ግፉ የደረሰባት ሰው ደግሞ ታሪኳ ሲነገር መጀመሪያ ልትጠየቅ ይገባታል። ከዚያ በፊት በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ ፊልም ሲሠራ የባለታሪክ ፈቃድ ጉዳይ ብዙም ሲነሣ አይሰማም ነበር።

ባዕድ ፊት፣ የሀገር ድምፅ

በ2008 ዓ.ም. ሥርጭት የጀመረው ቃና ቴሌቪዥን የቱርክና የሌሎች ሀገሮች ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ሲያቀርብ የፊልም ባለሙያዎች ተቆጡ። የሀገር ውስጥ ሥራ ይገድላል፣ ባህል ይበርዛል የሚል ስሞታ በየስብሰባው ተሰማ። ገበያው እውነትም ተነክቷል። ግን በዚያው ውዝግብ የተረሳ ነገር ነበር፤ ድምፁን የሚሰጡት የአዲስ አበባ ወጣቶች ናቸው፤ ከእነርሱም መካከል ሴቶች አሉ። ፊታቸው የማይታወቅ በመሆኑ በታክሲ የሚገሥጻቸው የለም። የሐሜት ዋጋ ሳይከፍሉ ሌት ተቀን የሚሰሙ ብቸኛ ተዋናዮች እነርሱ ሳይሆኑ አይቀሩም።

ሕጉ ምን ይላል

ለተዋናይዋ ከለላ የሚሰጥ ሕግ ፈጽሞ የለም ማለት ስሕተት ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ ይደነግጋል። ቀጣዩ አንቀጽ 28 ግን ሰውየው በሕዝብ የታወቀ መሆኑ ምክንያት ከሆነ ፈቃድ ላያስፈልግ እንደሚችል ይናገራል፤ ታዋቂ ሰዎችን የሚያስጨንቀው ይህ ቀዳዳ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኞች፣ ማለትም ለተዋናዮችና ለመሰሎቻቸው፣ መብት ይሰጣል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በኢንተርኔት የሚደረግ ማስፈራራትንና ስም ማጥፋትን፣ የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ደግሞ ስሙ የሚናገረውን ይከለክላል። የሚጎድለው አቤቱታውን ይዞ የሚሄድ ሰው ነው። ክስ ጊዜ ይፈልጋል፤ ፍርድ ቤት መታየት ራሱ አዲስ ወሬ ይወልዳል፤ ስለዚህ ብዙዎቹ ዝምታን ይመርጣሉ። የፊልም ፖሊሲ በ2010 ዓ.ም. በሚኒስትሮች ምክር ቤት ጸድቋል።

ከካሜራው ጀርባ

በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ሲኒማ ቤቶች ሲዘጉ ፊልሙ ወደ ዩቲዩብ አዘነበለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የፒያሳ ብዙ ነባር ቤቶች ፈርሰው አካባቢው መልኩን ቀየረ። ሙያው ከመንገዱ እየራቀ ነው፤ ቀረጻው በየሰፈሩ፣ ምረቃው በየሕንፃው ሆኗል። ዮናስ ብርሃነ መዋ በ2006 ዓ.ም. የጀመረው የጉማ ሽልማት በየዓመቱ ምርጥ ተዋናይት ይሸልማል። በቀይ ምንጣፉ ማግስት ግን ስለ አሸናፊዋ ትወና ከሚወራው ይልቅ ስለ ቀሚሷ የሚወራው ይበልጣል።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ሴቶች ሲጽፉና ሲያዘጋጁ ነው። ቅድስት ይልማ «ረቡኒ»ን አዘጋጅታ እንደ ፊልም ሠሪ ስሟን አጽንታለች። ከዚያ እርሷ፣ አዜብ ወርቁና ቤዛ ኃይሉ በጋራ የጻፉት «እረኛዬ» በአርትስ ቴሌቪዥን ቀርቦ ሕዝብ በነቂስ አየው። ድራማው ከከተማ ቪላና ከካፌ ወጥቶ ወደ ገጠር ሄደ። ሴቶቹ ገጸ ባሕርያት ይሠራሉ፣ ይጣላሉ፣ ቂም ይይዛሉ፣ ይቀልዳሉ፤ ቆንጆ መሆናቸው ታሪኩን አይሸከምም። አንጋፋዋ ድርብወርቅ ሰይፉ በዚህ ድራማ ያገኘችው ዓይነት ሰፊ ሚና በአማርኛ ፊልም ለእርሷ ዕድሜ ሴቶች እምብዛም አይጻፍም፤ ሲጻፍም ብዙውን ጊዜ ቡና የምታፈላ እናት ሆና በሦስተኛው ትዕይንት ታማ ሆስፒታል ትገባለች።